ከዳንሱ ወለል በታች

ከሄልሲንኪ ከተመለስኩ ወዲህ ያገኘኝ ሰው ሁሉ ስለ መርከቡ ይጠይቀኛል። እውነት ውስጡ ሱቅ አለ? ሲወዛወዝ ያስመልሳል? ሰው እዚያ ላይ እንዴት ይተኛል? አንዱን ለአንዱ፣ ሌላውን ለሌላው ስናገር ነገሩ ተበጣጠሰብኝ። ስለዚህ በእንዲህ ያለ መርከብ ሄደው ለማያውቁ፣ ምናልባትም መቼም ለማይሄዱ፣ ሦስቱን ቀን እንደነበሩ ልጽፋቸው ተቀመጥኩ። አስቀድሞ ግን አንድ ነገር ይታወቅልኝ፤ እኔ ጫጫታ አልወድም።

ሥራዬ ስቶክሆልም ውስጥ ቱነልባና መንዳት ነው፤ ከመሬት በታች የሚሄደውን ባቡር። በሰማያዊው መስመር ከዩልስታ እስከ መሐል ከተማ ቀኑን ሙሉ እመላለሳለሁ፤ ዋሻው ውስጥ ብረት ብረትን ሲፍቅ ስሰማ እውላለሁ። ቤቴም እዚያው ዩልስታ፣ መስመሩ ከሚያልቅበት አጠገብ ነው። ከሥራ ስገባ የምፈልገው ጸጥታ ብቻ ነው። ከበላዬ የሚኖረው ልጅ ሙዚቃውን ከፍ ካደረገ ለስቶርኒንግስሹር እደውላለሁ፤ ጎረቤት ሲረበሽ ተጠርተው መጥተው የረባሹን በር የሚያንኳኩ ሰዎች ናቸው። እንዲህ ያለ መሥሪያ ቤት አገራችን ቢከፈት ሥራ በዝቶበት በሳምንቱ ይዘጋ ነበር። እዚህ ግን አለ፤ እኔም ደንበኛው ነኝ። ስሜን ሳልነግራቸው በድምፄ ያውቁኛል።

እንግዲህ እንዲህ ያለው ሰው ነው በጭፈራ መርከብ መርዶ ሊያረዳ የተላከው።

የሞቱት ወይዘሮ ተዋበች ናቸው፤ ደሴ የሰፈራችን ሰው። ልጃቸው ሰብለ ሄልሲንኪ ውስጥ ብቻዋን ትኖራለች፤ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ትሠራለች። ወሬው በስልክ የደረሰው የሟች የልብ ጓደኛ ለነበሩት ለእትዬ የሺ ነው። እትዬ የሺ ወደ ሰባ ዓመት ይሆናቸዋል፤ በከተማው ሌላ ጫፍ፣ በቀዩ መስመር አልቢ የሚኖሩ፣ ቁመታቸው አጭር፣ ቃላቸው ደግሞ ከቁመታቸው በብዙ የሚረዝም ሴት ናቸው። "መርዶ በስልክ አይነገርም" አሉና ነገሩ በዚያው ተቆረጠ። ሰብለ አገር ቤት በደወለች ቁጥር "እማማ ጠበል ሄደዋል" ይሏታል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ጠበል።

"አንተ ሰሜስተር ላይ ነህ አይደል?" አሉኝ እትዬ የሺ፤ የዓመት ዕረፍቴን ማለታቸው ነው። "እኔ ቋንቋውን አልችል። ይዘኸኝ ሂድ።"

ለሰብለ ስልክ ደውለን በርካሽ ቲኬት ልንዝናና እንደምንመጣ ነገርናት። በጣም ደስ አላት። ደስታዋን በስልኩ ውስጥ ስሰማ ስልኩን ለእትዬ የሺ አቀበልኳቸው፤ እኔ ውሸት ላይ ብዙም አልበረታም።

ቲኬቱን የቆረጥኩት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱም የእኔ ነው። ርካሹን ክፍል ከነደርሶ መልሱ ስይዝ "ከሞተሩ በጣም የራቀ ይሁንልኝ" ብዬ ለመንኩ። ሞተር አውቃለኋ! አሥር ዓመት ባቡር ነድቻለሁ። የምትሸጠው ልጅ "ከሞተሩ የራቀ?" ብላ ደግማ ጠየቀችኝ። "በጣም የራቀ" አልኩ፣ አዋቂ ነኝና።

*ሐሙስ*

ከእትዬ የሺ ጋር የተገናኘነው መሐል ከተማ፣ ቀዩና ሰማያዊው መስመር በሚገናኙበት ጣቢያ ነው። ነጭ ቀሚስ ለብሰው ነጠላቸውን እንደ ወትሮው ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገዋል። የሰኔ ጾም ስለነበር በቦርሳቸው ቆሎና የጾም ዳቦ ይዘዋል። "መርከቡ ምግብ አለው እኮ" ብላቸው "መርከቡ ጾም ያውቃል?" አሉኝ።

ወደቡ ላይ የተሰለፈው ሕዝብ እንደኛ አገር አውቶቡስ ተራ ብዙ ነው፣ ግን ማንም ማንንም አይገፋም። ሁሉም በጸጥታ ቆሟል። እኔም አገሩን አመሰገንኩ። መርከቡ ውስጥ እግራችን ሲገባ ግን ያ ጨዋ ሕዝብ ሌላ ሆነ። የቁማር ማሽኖቹ ይጮኻሉ፤ ከየጣራው ሙዚቃ ይንቆረቆራል፤ ቅድም ከጎኔ ዝም ብሎ ተሰልፎ የነበረው ሰውዬ ሁለት ቢራ ይዞ ይዘፍናል። ስዊድን ዓመቱን ሙሉ የዋጠችውን ድምፅ መርከብ ላይ ነው የምትተፋው።

ከላይ ወጥተን የመርከቡን የብረት አጥር ተደግፈን ቆምን። በአሥራ አንድ ሰዓት መርከቡ ምንም ሳይነቃነቅ ተነሣ። ስቶክሆልም ከነጣሪያዋ ወደኋላ ሄደች፤ ከዚያ ደሴቶቹ መጡ። ስንት እንደሆኑ አላውቅም፤ አንዱ ሲያልፍ ሌላው ይመጣል፤ ጥድ፣ ዐለት፣ ቀይ የእንጨት ቤት፣ ከውሃው ዳር አንዲት ጀልባ። በአንዱ ደሴት ላይ አንዲት ሴት ልብስ ታሰጣ ነበር። ያን የሚያህል መርከብ በደጃፏ ሲያልፍ ቀና ብላ እንኳ አላየችም። ፀሐይዋ የመጥለቅ ሐሳብ የላትም፤ ውሃው እንደ ወተት ነጥቶ ተኝቷል።

"እነሱ ናቸው የሚሄዱት" አሉ እትዬ የሺ ደሴቶቹን እያዩ። "እኛ ቆመናል።"

እኔም እንደዚያው መሰለኝ። ደሴ በክረምት፣ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ቤቶቹን አንድ በአንድ ሲያነሣና ሲመልስ እንዲህ ነበር። ለጥቂት ጊዜ ለምን እንደመጣን ረሳሁ። ዘወር ስል ግን እትዬ የሺ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ነገ የሚሉትን እየተለማመዱ ነው።

እራት ቡፌ ነበር። ጠረጴዛው ከቤቴ ወለል ይረዝማል፤ ስጋው፣ ክሬሙ፣ የማላውቀው ዓይነት ዓሣ። እትዬ የሺ ዙሪያውን ሁለት ጊዜ ዞረው በእንስላል የተቀቀለ ድንችና ዳቦ ይዘው ተመለሱ። "ድንቹ ጥሩ ነው" አሉ። "ስልሳ ዓይነት ምግብ ሠርተው ድንቹን አሳመሩት።"

ወደ ክፍላችን የወረድነው በሁለት ሰዓት ገደማ ነው። በአንዱ ግድግዳ ሁለት አልጋ፣ በሌላው ሁለት፤ መስኮት የለም። በእርግጥም የሞተር ድምፅ አይሰማም። እትዬ የሺን "አዩ?" ብዬ ሳልጨርስ ጣሪያው *ዱም* አለ። ከዚያ *ዱም ዱም*። ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጥኩት የብርጭቆ ውሃ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሮጬ ወጥቼ በግድግዳው ላይ ያለውን የመርከቡን ካርታ አየሁ። ከሞተሩ የመጨረሻው ሩቅ ቦታ ከዳንስ ቤቱ ወለል ሥር ኖሯል።

ወደ መረጃ ጠረጴዛው ሄድኩ። "ሙዚቃው ይቀነስልን፤ አሮጊት ሴት ይዣለሁ" አልኩ። ጠረጴዛው ላይ ያለው ልጅ በትሕትና ሰምቶኝ ከመሳቢያው ሁለት ጥንድ ቢጫ የጆሮ መድፈኛ አውጥቶ ሰጠኝ። ሌላ ክፍል የለም፤ ሙዚቃውም እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው አለኝ። መርከብ ላይ ስቶርኒንግስሹር የለም።

እትዬ የሺ መድፈኛውን በሁለት ጣታቸው ይዘው አዩት። "ይህን ደፍኜ ብተኛና መርከቡ ቢሰጥም ማን ይቀሰቅሰኛል?" ብለው መለሱልኝ። ነጠላቸውን አወረዱና ጭንቅላታቸውን፣ ጆሯቸውን፣ አንገታቸውን ድርብ አድርገው ተከናነቡ። ከዚያ ጸጥታ ፍለጋ ወጣን። ከላይ ንፋሱ አላስቆም አለን። የንባብ ክፍል የተባለው ቴሌቪዥን ተከፍቶበታል። የሕፃናቱ መጫወቻ ውስጥ ሁለት ጎልማሶች በቀለማማዎቹ ኳሶች ውስጥ ተቀብረው ይዘፍናሉ። እንዲህ ስንዞር ከክፍላችን ደጃፍ አንሶላ የጫነ ጋሪ የምትገፋ የመርከቡ ሠራተኛ አገኘችን። ስሟ ደረቷ ላይ ተጽፏል፤ ሄልቪ። ዕድሜዋ ወደ ስልሳ ይጠጋል። የእትዬ የሺን የተጠመጠመ ራስ አይታ "ራሳቸውን ያማቸዋል?" ብላ በስዊድንኛ ጠየቀችኝ።

"ሙዚቃው ነው" አልኳት።

ሄልቪ ወደ ጣሪያው አየች። ሃያ ዓመት ከዚያ ጣሪያ ሥር የሠራች ሰው አስተያየት ነበር። "ኑ" አለችን።

ከመተላለፊያው ጫፍ በር ከፈተች። የአንሶላ ማስቀመጫ ነው። ከወለል እስከ ጣሪያ የታጠፈ ነጭ አንሶላና ፎጣ ተደርድሮ፣ በመሐሉ ሁለት ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ቀርቷል። በሩን ስትዘጋው ሙዚቃው ጠፋ። ያ ሁሉ ጨርቅ ዋጠው። ሻይ አመጣችልን፤ የራሷን ብስኩትም ጨመረችበት። "ማንም አይመጣባችሁም። ጠዋት እቀሰቅሳችኋለሁ" ብላ ሄደች። የማታውቀን ሰው ናት።

እዚያ ውስጥ ስለነበረው ጊዜ እንዴት አድርጌ እንደምጽፍ አላውቅም። የሳሙና ሽታ አለ፤ ሙቀት አለ፤ ከሩቅ፣ ከእግራችን ሥር፣ ባሕሩ ይተነፍሳል። ነቅቼ ይሁን ተኝቼ ሳልለይ የእትዬ የሺ ድምፅ ይመጣና ይሄዳል።

"ተዋበች ልጇን ስትጠራ" ይላሉ፣ "ወፍጮ ቤት ያለው ሰው 'አቤት' ይል ነበር።"

እውነት ነው። አስታወስኩት። ወይዘሮ ተዋበች ሲስቁ ከኛ ግቢ ይሰማ ነበር፤ ሲቆጡም፣ ሲዘፍኑም። ሰፈሩ ሰዓት የሚያውቀው በእሳቸው ድምፅ ነው። "ሰብልዬ! ሰብልዬ!" ካሉ መምሸቱ ነው።

"የእናቷን ለቅሶ እንዴት እንደምታለቅሰው ነው የሚያሳስበኝ" አሉ እትዬ የሺ። "ለብቻዋ ናት። እዚህ አገር ደግሞ አይጮህም። እኔ የልጄን የመኮንንን ሞት ያረዱኝ አልቢ በገባሁ በዓመቴ ነው። ጮህኩ። ሰው ሲሞት ይጮሃል፣ ሌላ ምን ይደረጋል? ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሁለት ሰዎች መጥተው በር አንኳኩ። ጎረቤት ደውሎ ነው። አልተቆጡም፤ በጣም ጨዋ ልጆች ናቸው። 'እባክዎን ቀስ ይበሉ' አሉኝ። እኔም ቀስ አልኩ።" እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። "ግማሹ ወጥቷል። ግማሹ እዚህ ነው። ስምንት ዓመቱ።"

እትዬ የሺ እኔ ስልክ ደዋይ መሆኔን አያውቁም። እኔም አልነገርኳቸውም። ፊቴን ወደ አንሶላው አዞርኩና እንቅልፍ የወሰደኝ መሰልኩ፤ አፈርኩ፣ በጣም አፈርኩ።

*ዓርብ*

የመድረሻው ማስታወቂያ አንሶላ ቤቱ ውስጥ አልተሰማም። ሄልቪ በሩን ስትከፍት መርከቡ ቆሟል፤ ሰውም እየወረደ ነው። "ይቅርታ፣ ከላይ ሥራ ያዘኝ" እያለች ቦርሳችንን አንሥታ ከፊታችን ሮጠች። እትዬ የሺ ፊታቸውን እንኳ ሳይታጠቡ ተከተሏት። መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ፣ ሰው እህል ሳይቀምስ፣ በዝግታ ነው። እኛ ግን ከረፋዱ በሦስት ተኩል በእንቅልፍ ፊታችን፣ ሻንጣ እያላጋን ደረስን።

ሰብለ ከመውጫው በር ፊት ለፊት ቆማለች። ሐምራዊ የአበባ እቅፍ ይዛ፣ ፀጉሯን ተሠርታ፣ ጥርሷ ሁሉ ስቋል። እጇን አነሣች። ከዚያ እጇ እዚያው አየር ላይ ቀረ።

የምታየው እትዬ የሺን ነው። እኔም ዞሬ አየኋቸው። ከሙዚቃው ሽሽት የተከናነቡት ነጠላ እንደተጠመጠመ ነው፤ ጥለቱ ወደ ላይ ዞሮ አገጫቸው ሥር ገብቷል። ነጠላ እንዲህ ተዘቅዝቆ የሚለበሰው በለቅሶ ነው። እትዬ የሺ ሌሊት ጆሯቸውን ሲሸፍኑ ጥለቱ ወዴት እንደዞረ አላዩም፤ ጠዋትም ለማስተካከል ፋታ አላገኙም። ያ ሁሉ የተለማመዱት ቃል አንድም ሳይወጣ ተነገረ።

ሰብለ ወደኛ መጣች። ሁለታችንንም ሳመች። አበባውን ለእትዬ የሺ ሰጠች። "እማዬ ናት?" አለች ቀስ ብላ።

"ልጄ..." አሉ እትዬ የሺ።

"መቼ?"

"ሦስት ሳምንት ሆነ።"

"ጠበል" አለች ሰብለ። አንገቷን ነቀነቀች። "በትራም ነው የምንሄደው፤ ሩቅ አይደለም።"

በትራሙ ውስጥ ቀጥ ብላ ተቀምጣ ከተማውን አሳየችን። ይህ ገበያው ነው፣ ይህ ቤተ ክርስቲያኑ ነው። ሄልሲንኪ ከስቶክሆልም ዝቅ ያለች፣ መንገዷ ሰፊ፣ ሕዝቧ ይበልጥ ዝምተኛ ከተማ መሰለችኝ፤ ከዚህ የተረፈውን ግን ልነግራችሁ አልችልም፤ ሳይ የነበረው ሰብለን ነው። ቤቷ አንድ ክፍልና ወጥ ቤት፣ በጣም ንጹሕ ነው። ጠረጴዛው ለሦስት ሰው ተሰናድቷል፤ ምስር ወጥ፣ ቀይ ሥር፣ ጎመን፤ ሁሉም የጾም፣ ሁሉም ከዋዜማው የተሠራ። "ብሉ፤ መንገደኛ ናችሁ" አለችን። የእናቷን መርዶ ይዘን መጥተን እንግዳ አድርጋ አበላችን። እኔ ያን ምስር እንዴት እንደዋጥኩት እግዜር ያውቃል።

ሳህኑን ልታነሣ ስትል እትዬ የሺ እጇን ያዟት። "ተዋቡ! እህቴ!" ብለው ድምፃቸውን ሲያነሡ ሰብለ በሌላ እጇ አፋቸውን በቀስታ ከደነች።

"እዚህ አይሆንም እትዬ። ከታች የሚኖሩት ሽማግሌ ልባቸው ደካማ ነው። ባለፈው የገና ዕለት ጓደኞቼ ሲስቁ እንኳ ደብዳቤ ጻፉልኝ፤ መልካም ሰው ናቸው፤ ልረብሻቸው አልፈልግም።"

ሄዳ ሳህን አጠበች። የታጠበውን ደግማ አጠበችው። እንባ የለም። እኔ ለቅሶ ቤት ብዙ ገብቻለሁ፤ ሰው ራሱን ሲጥል፣ ፊቱን ሲነጭ አይቻለሁ። እንደዚያ ሳህን እጥበት ያስፈራኝ ግን የለም። እትዬ የሺ አንድ ጊዜ እኔን አዩኝ፤ እጃቸው እንደ ሌሊቱ ደረታቸው ላይ ነበር።

"ልብስሽን ያዢ" አሏት። "አልቢ ሰው ይጠብቅሻል። እዚያ ትቀመጫለሽ።"

ሰብለ ለሥራ ቦታዋ ደወለች፤ በፊንላንድኛ አጭር ነገር ተናገረች። ወደቡ ላይ ቲኬቷን ቆረጥን፤ በክፍላችን ውስጥ ባዶ አልጋ ስለነበር እኛው ጋ አደረጓት። በአሥራ አንድ ሰዓት ያው መርከብ እኛን ይዞ ተመለሰ።

ሄልቪ ከክፍላችን ደጃፍ ቆማለች። ሰብለን አየች፤ የእትዬ የሺን ነጠላ አየች፤ ሳልነግራት የሆነ ነገር የገባት መሰለኝ። "አንሶላ ቤቱን ከፍቼላችኋለሁ" አለችኝ። "ዛሬ ሙዚቃው ከትናንቱ ይብሳል፤ ዓርብ ነው።"

ለእትዬ የሺ ተረጎምኩላቸው። እትዬ የሺ ወደ ጣሪያው ቀና አሉ።

"አመስግንልኝ" አሉ። "ዛሬ ግን ጸጥታ አንፈልግም በላት። እዚሁ ከከበሮው ሥር እንሁን።"

ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። እጄ ኪስ ውስጥ ያሉትን ቢጫ መድፈኛዎች ያሻሻል።

ጥቂት ጠበቅን። ሰብለ በታችኛው አልጋ ጫፍ፣ ጫማዋን ሳታወልቅ፣ ሐኪም ቤት ተራ እንደሚጠብቅ ሰው ተቀመጠች። በሁለት ሰዓት ጣሪያው *ዱም* አለ። ውሃው ብርጭቆ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። እትዬ የሺ ቆሙና የሚችሉትን ያህል፣ በሙሉ ድምፃቸው ጮኹ፤

"ተዋቡ! ተዋቡዬ! ልጅሽ እዚህ ናት! አቤት በያት!"

ሰብለ በድንጋጤ በሩን አየች። ማንም አልመጣም። በመተላለፊያው ሰዎች እየሳቁ አለፉ። እትዬ የሺ ደግመው ጠሩ። አሁንም ማንም። የሰብለ አፍ ተከፈተ፤ መጀመሪያ ድምፅ አልነበረውም፤ ከዚያ መጣ። ያ የወይዘሮ ተዋበች ድምፅ ነው። ወፍጮ ቤት ድረስ የሚሰማው፣ ሰፈሩን ሁሉ ወደየቤቱ የሚያስገባው ድምፅ፣ ስንት ዓመት ልጅቷ ጉሮሮ ውስጥ ቀስ ብሎ ሲናገር ኖሮ አሁን ወጣ። "እማዬ! እማዬ!" እኔም አለቀስኩ። ከዚያ በሩን ከኋላዬ ዘግቼ ጀርባዬን ሰጥቼ ደጃፉ ላይ ቆምኩ። ሁለት ሜትር ራቅ ብሎ አንድ ሰው ቁልፉን ይፈልጋል፤ ምንም አልሰማም። ወለሉ፣ ግድግዳው፣ ሁሉም ይመታል። ከሙዚቃው ምት ሥር፣ በሩን ለተደገፈ ጀርባ ብቻ፣ የሁለት ሰው ለቅሶ ይደርሳል። ሁለት ስም ነበር የሚጠራው። አንዱ ተዋቡ ነው። ሌላው መኮንን።

ሙዚቃው በድንገት ቆመ።

ከውስጥም ሁሉም ነገር ተቆረጠ። በሩን ከፈት አደረግሁ። ሰብለ እጇን አፏ ላይ አድርጋ፣ ዓይኗን አፍጥጣ ጣሪያውን ታያለች። ትንፋሿን እንኳ ይዛዋለች። ከላይ የእግር ኮቴ ብቻ ይሰማል።

ደረጃውን እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም። ዳንስ ቤቱ በቀለማማ መብራት ተሞልቷል፤ ከመስኮቶቹ ውጭ ግን ፀሐይ ገና አልጠለቀችም፤ ባሕሩ ወርቅማ ሆኖ ቀስ ብሎ ያልፋል። መድረኩ ላይ ሦስት ሙዚቀኞች መሣሪያቸውን አስቀምጠው ሊወርዱ ነው። በሚያብለጨልጭ ሸሚዝ ላቡን የሚጠርገውን የአኮርዲዮን ተጫዋች ክንዱን ያዝኩት።

"ዕረፍት ነን፤ ሃያ ደቂቃ" አለኝ።

"እባክህ፣ አሁን ተጫወቱ።"

"የትኛውን ዘፈን ትፈልጋለህ?"

"ማንኛውንም። ብቻ ከፍ ያለ ይሁን።"

ሳቀ። "ዳንስ እንዲህ አማረህ?"

"ከእግራችሁ ሥር" አልኩት፣ ወለሉን እያሳየሁ፣ "ልክ እዚህ፣ አንዲት ልጅ እናቷን እያለቀሰች ነው። በኛ አገር ሰው ሲሞት ይጮሃል። እሷ የምትጮህበት ቦታ የላትም። እናንተ ስትጫወቱ ታለቅሳለች፤ እናንተ ዝም ስትሉ እሷም ዝም ትላለች።"

ሰውዬው በጫማዎቹ መሐል ያለውን ወለል አየ። ትንሽ ወደ ጎን ፈቀቅ አለ፤ እላይዋ ላይ የቆመባት ይመስል። ከዚያ ዞሮ በፊንላንድኛ ለጓደኞቹ አንድ ነገር አላቸው። ድራም መቺው ሊያቀጣጥል የነበረውን ሲጋራ ወደ ኪሱ መለሰና ተቀመጠ። አኮርዲዮኑ ተነሣ። ከቅድሙ በጣም ከፍ ብሎ ጀመሩ፤ ሰው እልል እያለ ወደ ወለሉ ገባ። እኔም በጨፋሪዎቹ መሐል ቆምኩ። ሰው እየገፋኝ፣ እየሳቀብኝ፣ በእግሬ ሥር ምንም አይሰማኝም ነበር፤ ጥሩ ነው አልኩ፤ ካልሰማሁ ማንም አይሰማም ማለት ነው። ዕረፍት ሳይወስዱ ምን ያህል እንደተጫወቱ አልቆጠርኩም። ድራም መቺው በየመሐሉ ያየኝና በቅንድቡ ይጠይቀኛል፤ እኔም ቀጥል እላለሁ።

*ቅዳሜ*

ጠዋት ሰብለን ያገኘኋት ከላይ፣ የብረት አጥሩን ተደግፋ ነው። ፊቷ አብጧል፤ ግን የሰው ፊት ሆኗል። ደሴቶቹ ተመልሰው መጥተዋል። በዚያች ልብስ ስታሰጣ በነበረችው ሴት ቤት ስናልፍ ገመዱ ባዶ ነበር።

"ጋሼ ደረጀ" አለችኝ። ድምፅ የላትም፤ ሹክሹክታ ብቻ። "እትዬ የሺም ድምፃቸው ጠፍቷል።"

"ሰማሁ" አልኳት።

"ማነው መኮንን?"

"ልጃቸው ነው።"

"ዛሬ እኔ ነኝ የማስተዛዝናቸው" አለች።

ሄልቪ ስንወርድ እስከ በሩ ሸኘችን። ለእትዬ የሺ በመርከቡ ወረቀት የተጠቀለለ ብስኩት ሰጠቻቸው፤ እሳቸውም የቀረውን ቆሎ አንሥተው በመዳፏ ውስጥ አፈሰሱላት። አንዱም የሌላውን ቋንቋ አይችልም፤ ደግሞም አንዷ ድምፅ የላትም። ተቃቅፈው ተለያዩ። አልቢ የእትዬ የሺ ቤት በሰው ሞልቶ ጠበቀን። ሰብለ መሐል ተቀምጣ የመጣውን ሁሉ በእርጋታ ተቀበለች። "ምን ዓይነት ጨዋ ልጅ ናት፣ ድምፅ እንኳ አላሰማችም" አለችኝ አንዷ ሴት። እኔም አዎ አልኩ።

ማታ ዩልስታ ገባሁ። ጫማዬን ሳወልቅ ከበላዬ የሙዚቃው ምት ጀመረ። መጀመሪያ መርከቡ ላይ ያለሁ መሰለኝ፤ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ብርጭቆ አየሁት። ከዚያ እግሬ በልማዱ ወደ ስልኩ ሄደ፤ አነሣሁት። ቁጥሩን በቃሌ አውቀዋለሁ። እስከ ዛሬ በደወልኩ ጊዜ ሁሉ የሰማሁት ሙዚቃ ብቻ ነበር ብዬ እምላለሁ? አልምልም። ልጁን በደረጃ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ እንጂ ስሙን አላውቅም፤ ማን እንዳለው፣ ማን እንደሞተበትም አላውቅም። ምናልባት ዝም ብሎ ዘፈን ወዳድ ነው።

ስልኩን አስቀመጥኩ። ወንበር ስቤ ከጣሪያው ሥር ተቀመጥኩና እስኪያልቅ ድረስ አዳመጥኩ።